«ስስ ንጣፍ ሙቀት አያግድም» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በድሬዳዋና በሐረር የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ባለሙያዎች እጅ በእጅ እየተቀባበሉ ያነበቡት «ስስ ንጣፍ ሙቀት አያግድም» የሚል ጽሑፍ አለ። ጽሑፉ የኤልኢዲ አምፖልና የሶላር ኢንቨርተር ቦርዶች ለምን እንደሚቃጠሉ የሚያትት ሲሆን፣ ጭብጡ ባጭሩ እንዲህ ነው። በቦርዱ ላይ ያሉት የመዳብና የኢንሱሌተር (ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ሽፋን) ንጣፎች ከፀጉር ውፍረት ብዙም ያልራቁ ስለሆኑ በሙቀት መንገድ ላይ ያላቸው ሙግደት፣ ማለትም ሙቀቱ ሲያልፍ የሚገጥመው እንቅፋት፣ ከቁጥር አይገባም፤ እንዲያውም ንጣፉ በሳሳ ቁጥር ይሻላል፤ ቦርዱን የሚፈጀው የድሬዳዋ ሐሩር ነው፤ መፍትሔውም ቴርማል ፔስት፣ ማለትም በክፍሉና በብረቱ መካከል የሚቀባውን ሙቀት አስተላላፊ ቅባት፣ ማብዛት ነው። ጸሐፊው ሐሳባቸውን በስሌት ለመደገፍ መድከማቸው የሚያስመሰግን ነው፤ በእኛ አካባቢ ስለ ጥገና የሚነገረው አብዛኛው ነገር ከልምድ ወሬ አያልፍምና። ይሁን እንጂ ሙቀት ከትንሽ ምንጭ ተነሥቶ ወደ ሰፊ አካል ሲገባ በመግቢያው ዙሪያ የሚገጥመውን ተጨማሪ እንቅፋት፣ ከዚህ በኋላ የጥበት ሙግደት የምለውን፣ ጽሑፉ ከነጭራሹ ስለዘለለው ስሌቱም ምክሩም አቅጣጫውን ስቷል። ነጥቦቹን ራሳቸው ባስቀመጡት ቅደም ተከተል እመለከታለሁ።

ጸሐፊው የሚጀምሩት በታወቀው ቀመር ነው፤ ሙግደት ማለት ውፍረት ለአስተላላፊነት (ቁሱ ሙቀት የማሳለፍ አቅሙ) እና ለስፋት ብዜት ሲካፈል የሚገኘው ነው ይላሉ። ለምሳሌም ጎንና ጎኑ 10 ሴንቲሜትር የሆነ የአሉሚኒየም ቦርድ ወስደው፣ በላዩ ያለው ኢንሱሌተር 0.1 ሚሊሜትር ውፍረትና በሜትር በኬልቪን 1 ዋት አስተላላፊነት እንዳለው በማሰብ፣ ለእያንዳንዱ ዋት 0.01 ዲግሪ ብቻ የሚሆን የሙቀት ልዩነት ያገኛሉ። ቁጥሮቹ ለእንዲህ ዓይነት ቦርድ ተገቢዎች ናቸው፤ ማካፈሉም ልክ ነው። ስሕተቱ ያለው ስፋቱ ላይ ነው። ሙቀቱ ወደ ቦርዱ የሚገባው በመቶ ካሬ ሴንቲሜትሩ ሁሉ አይደለም፤ ኤልኢዲው በተበየደበት፣ 1 ሚሊሜትር ያህል ዲያሜትር ባለው ፓድ፣ ማለትም በብየዳው ማረፊያ፣ ነው እንበል። ይህ ስፋት 0.785 ካሬ ሚሊሜትር ነው። በዚያው ቀመር፣ በዚያው ኢንሱሌተር ላይ ይህን ስፋት ብናስገባ ለእያንዳንዱ ዋት 127 ዲግሪ እናገኛለን፤ ጸሐፊው ካገኙት ከ12 ሺሕ እጥፍ በላይ ማለት ነው። እውነተኛው ዋጋ በሁለቱ መካከል ሲሆን የት እንደሚያርፍ የሚወስነው ከላይ ያለው መዳብ ነው። ወደዚያ እመለሳለሁ።

ጸሐፊው ይህንን ነጥብ ለማስረዳት የሐረርን ጁገል ጠቅሰዋል። ግንቡ ስስ ስለሆነ ሰው በሩን በጥቂት እርምጃ ያልፈዋል፤ ሙቀትም ስሱን ንጣፍ እንዲሁ ያልፈዋል ይላሉ። ምሳሌው ጥሩ ነው፤ የሚመሰክረው ግን ለተቃራኒው ነው። በገበያ ሰዓት ሸዋ በር ላይ የቆመ ሰው እንደሚያየው፣ ግፊያው የሚብሰው በግንቡ ውፍረት ውስጥ ሳይሆን ከበሩ ፊት ለፊት ባለው ሜዳ ላይ ነው፤ ከየአቅጣጫው የመጣው ሕዝብ ወደ አንዲት ጠባብ መግቢያ ሲጠጋ እርስ በርሱ ይተፋፈጋል፤ ግንቡ እንደ ወረቀት ቢሳሳ እንኳ ያ መተፋፈግ አይቀርም። የሙቀቱም ነገር እንዲሁ ነው። የጥበት ሙግደት የሚኖረው በሰፊው አካል ውስጥ፣ ከመግቢያው አንድና ሁለት ሬዲየስ ርቀት ባለው ክፍል ነው። ወፍራምና ሰፊ በሆነ አካል ላይ፣ መግቢያው ክብና በሁሉም ቦታ እኩል ሙቀት ያለው ከሆነ፣ መጠኑ አንድ ሲካፈል ለአራት ጊዜ አስተላላፊነት ጊዜ ሬዲየስ ነው። ውጤቱ ማክስዌል በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለኤሌክትሪክ ከደረሰበት ጋር አንድ ዓይነት ሲሆን፣ ራግናር ሆልም በኋላ የኤሌክትሪክ ማገናኛዎችን ያጠናበት መሠረትም ይኸው ነው። በዚህ ቀመር ውስጥ ውፍረት የሚባል ነገር ጨርሶ እንደሌለ አንባቢ ልብ ይበል።

ሁለተኛው ነጥብ፣ ማለትም መዳቡ በሳሳ ቁጥር ይሻላል የሚለው፣ ከሁሉ የከፋ ጉዳት የሚያደርሰው ይመስለኛል፤ ርካሽ ቦርድ ለሚሠራ ሰው ጥሩ ሽፋን ይሆነዋልና። ጸሐፊው 35 ማይክሮሜትር ውፍረት ያለው መዳብ ከላይ ወደ ታች ለሚያልፈው ሙቀት ያለውን ሙግደት አስልተው በዋት 0.11 ዲግሪ አግኝተዋል፤ መዳቡ በግማሽ ቢሳሳ 0.06 እንደሚሆን ጠቅሰው ይህንን እንደ ትርፍ ቆጥረውታል። መዳቡ ግን እዚያ የተቀመጠው ሙቀቱን ወደ ታች ብቻ ሊያሳልፍ አይደለም። ከስሩ ያለው ኢንሱሌተር ሙቀት በደንብ ስለማያስተላልፍ፣ ሙቀቱ አስቀድሞ በመዳቡ ውስጥ ወደ ጎን ተበትኖ፣ ሰፋ ባለ ቦታ ላይ ሆኖ ኢንሱሌተሩን እንዲሻገር ይገደዳል። የሚበተንበት ርቀት የመዳቡ አስተላላፊነት፣ የመዳቡ ውፍረትና የኢንሱሌተሩ ውፍረት ተባዝተው ለኢንሱሌተሩ አስተላላፊነት ሲካፈሉ ከሚገኘው ቁጥር ካሬ ሥር ጋር እኩል ነው። ለመዳብ 390 ዋት በሜትር በኬልቪን ብንወስድ፣ ጸሐፊው በሰጡት ቦርድ ላይ ይህ ርቀት 1.2 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ፓዱ ራሱ ግማሽ ሚሊሜትር ሬዲየስ ብቻ እንዳለው እናስታውስ።

ስሌቱን እስከ መጨረሻው ስንወስደው፣ በፓዱ ዙሪያ በየአቅጣጫው ጥቂት ሚሊሜትር ያህል ሳይቆረጥ የተዘረጋ 35 ማይክሮሜትር መዳብ ሲኖር፣ ከፓዱ እስከ አሉሚኒየሙ ያለው ሙግደት ከ127 ወደ 13 ዲግሪ በዋት ይወርዳል። መዳቡ በግማሽ ሲሳሳ ወደ 20 ይወጣል፤ እጥፍ ሲወፍር ደግሞ ወደ 8 ይወርዳል። እንግዲህ ጸሐፊው በመሳሳቱ ያተረፉት 0.05 ዲግሪ ሲሆን ያጡት 7 ዲግሪ ነው። ከስር ያለው አሉሚኒየም በራሱ የጥበት ሙግደት የሚጨምረው አንድ ወይም ሁለት ዲግሪ ብቻ ስለሆነ ፍርዱን አይለውጠውም።

ይህንን በዓይን ማየት ይቻላል። ለረጅም ጊዜ ያገለገለ የኤልኢዲ አምፖል ነጭ ሽፋኑ ተነሥቶ ቦርዱ ሲታይ፣ ነጩ ቀለም በሙሉ ቦርዱ ላይ እኩል አይጠቁርም። በየኤልኢዲው ዙሪያ ቡናማ ቀለበት ይኖራል፤ ከቀለበቱ ውጭ ያለው ቀለም ገና እንደ አዲስ ነጭ ሆኖ ይቆያል። መዳቡ ሰፋ ብሎ በተተወበት ቦርድ ላይ ቀለበቱ ፈዘዝ ያለና ሰፊ ሲሆን፣ መዳቡ እንደ ክር ቀጥኖ በተሠራበት ቦርድ ላይ ግን ጠባብና ጥቁር ይሆናል። ሙቀቱ በመላ ቦርዱ ላይ እኩል የሚወርድ ቢሆን ኖሮ ይህ ቀለበት ምንጩ ከየት ነበር?

ለፍትሕ ሲባል መጨመር ያለበት ነገር አለ። ንጣፉ ራሱ ደካማ አስተላላፊ ሆኖ ከስሩ ጥሩ አስተላላፊ ካለ፣ ለምሳሌ በሲሊከን ላይ የተነባበረ የሲሊከን ኦክሳይድ ንጣፍ ከሆነ፣ መሳሳቱ በእርግጥ ይጠቅማል። የኦክሳይዱ አስተላላፊነት 1.4፣ የሲሊከኑ 148 ዋት በሜትር በኬልቪን ገደማ ስለሆነ ሙቀቱ በኦክሳይዱ ውስጥ ወደ ጎን የመበተን ዕድል የለውም፤ ያለው አማራጭ ቶሎ መሻገር ነው። ስለዚህ ያው መሳሳት በአንደኛው ቦታ ይጠቅማል፣ በሌላው ይጎዳል፤ የሚለየውም ከስር ያለው ነገር ነው። ጸሐፊው የመጀመሪያውን ጉዳይ ብቻ ይዘው ለሁሉም ሕግ አድርገውታል። ኬኔዲ የተባለ ተመራማሪ ከስር ያለው አካልና ጎኖቹ በተለያየ መንገድ ሲያዙ የሚገኙትን ውጤቶች ለሲሊንደር ቅርጽ ላላቸው የሴሚኮንዳክተር ክፍሎች ለይቶ ያወጣቸው በ1960 ነው፤ ጉዳዩ አዲስ አይደለም።

በሦስተኛ ደረጃ የቀረበው፣ ሙግደቱን የሚወስነው የመግቢያው ጠቅላላ ስፋት ስለሆነ አንድ ትልቅ ኤልኢዲም ሆነ በድምሩ ያንኑ ስፋት ያላቸው አራት ትናንሽ ኤልኢዲዎች ልዩነት የላቸውም የሚለው ነው። ለኢንሱሌተሩ ብቻ፣ መዳብ በሌለበት፣ ይህ ትክክል ነው። በወፍራም አካል ላይ ግን የሚገዛው ሬዲየስ ነው። ስፋቱ ለአራት ሲከፈል የእያንዳንዱ ሬዲየስ በግማሽ ስለሚያንስ የእያንዳንዱ ሙግደት እጥፍ ይሆናል፤ አራቱ ጎን ለጎን ሲሠሩ ግን ድምሩ ከመጀመሪያው ግማሽ ይሆናል። መዳብ ባለበት ቦርድ ላይ ትርፉ ከዚህም ይበልጣል፤ ትናንሾቹ ፓዶች ተደምረው ብዙ ዙሪያ ስላላቸው መዳቡን የሚመግቡበት ጠርዝ ይበዛል። በዚያው 35 ማይክሮሜትር መዳብ ላይ አራቱ ፓዶች 5 ሚሊሜትር ያህል ቢራራቁ፣ ሙግደቱ ከ13 ወደ 5 ዲግሪ በዋት ይወርዳል። ተጠጋግተው ቢደረደሩ ግን አንዱ የሌላውን መበተኛ ስለሚሻማ ትርፉ ይቀንሳል። አምፖል የሚመርጥ ሰው የኤልኢዲዎቹን ብዛት ብቻ ሳይሆን አራርቀው መቀመጣቸውንም ማየት ያለበት ለዚህ ነው።

ቀጥሎ ጸሐፊው ሁለት ነገሮችን አደባልቀዋል። አንደኛው፣ የመማሪያ መጽሐፍ ላይ ያለው የአስተላላፊነት ቁጥር ለማንኛውም ስስ ንጣፍ ይሠራል ማለታቸው ነው። ለአምፖሉ መዳብ ይሠራል። በመዳብ ውስጥ ሙቀት ተሸካሚ የሆነው ኤሌክትሮን ከአንድ ግጭት እስከ ሌላው የሚጓዘው 40 ናኖሜትር ያህል ሲሆን፣ 35 ማይክሮሜትር ከዚህ 900 እጥፍ ገደማ ይበልጣል። በቺፕ ውስጥ ላሉት ንጣፎች ግን አይሠራም። በሲሊከን ውስጥ ሙቀቱን የሚሸከሙት የክሪስታሉ ንዝረቶች፣ ፎኖኖች የሚባሉት፣ ብዙዎቹ ሳይጋጩ በመቶዎች የሚቆጠር ናኖሜትር ስለሚጓዙ፣ 100 ናኖሜትር አካባቢ በሆነ ንጣፍ ውስጥ ገና ሳይጨርሱ ከወለሉና ከጣሪያው ጋር ይላተማሉ፤ አስተላላፊነቱም ወደ ግማሽ ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። መግቢያው ራሱ ከዚህ ጉዞ ሲያንስ ደግሞ ከላይ የጠቀስኩት የማክስዌል ቀመር ከሚሰጠው በላይ ሙግደት ይመጣል፤ ሙግደቱም ከሬዲየሱ ይልቅ በስፋቱ ይገዛል። ሻርቪን የተባለ ተመራማሪ ለኤሌክትሮን ይህንኑ ያሳየው በ1965 ነበር። ስለዚህ ንጣፉ ከመሳሳቱ የተነሣ ሙቀት እንደ ልቡ ያልፋል የሚለው አባባል፣ እውነተኛ ስስነት በሚገኝበት ቦታ ላይ ይበልጥ ስሕተት ይሆናል።

ሁለተኛው መደባለቅ የጥበት ሙግደትን «ካፒትዛ ያገኘው ሙግደት» ብለው መጥራታቸው ነው። የፊዚክስ ሊቁ ካፒትዛ በ1941 ይፋ ያደረገው፣ ፈሳሽ ሂሊየም ከጠጣር አካል ጋር በሚገናኝበት ድንበር ላይ ሙቀት በድንገት ዝላይ እንደሚያሳይ ነው። ያ ሙግደት ሁለት የተለያዩ አካላት ፍጹም ለጥ ብለው ቢጋጠሙ እንኳ በመጋጠሚያው ላይ ይኖራል፤ የጥበት ሙግደት ግን በአንድ ወጥ አካል ውስጥ፣ ምንም ድንበር ሳይኖር፣ የሙቀቱ መስመሮች በመጠጋጋታቸው ብቻ ይፈጠራል። መጠናቸውም አይገናኝም። በተለመደው የክፍል ሙቀት የጠጣር መጋጠሚያ ሙግደት ከ10 ናኖሜትር የሲሊከን ኦክሳይድ ብዙም አይርቅም፤ ለአምፖሉ ፓድ በዋት ወደ አንድ መቶኛ ዲግሪ ማለት ነው። ለጥገና ባለሙያው ይህ ስም ምንም አያደርግለትም።

አምስተኛው ነጥብ የልኬት ነው። ጸሐፊው ሁለት ቦርዶችን በኢንፍራሬድ ሙቀት መለኪያ ለክተው ልዩነት እንዳላዩ ይነግሩናል፤ ይህንንም እንደ መጨረሻ ማስረጃ ያቀርባሉ። በእጅ የሚያዘው መለኪያ አብዛኛውን ጊዜ ከርቀቱ አንድ አሥራ ሁለተኛ ያህል ዲያሜትር ያለውን ቦታ ነው የሚያነበው፤ ከ30 ሴንቲሜትር ርቀት ላይ ሲያዝ 2.5 ሴንቲሜትር ስፋት ያለውን ክብ በአማካይ ያያል ማለት ነው። ቀይዋ የሌዘር ነጥብ ማነጣጠሪያ ብቻ ናት፤ የምትለካው እሷ የምታርፍበትን ነጥብ አይደለም። በዚህ ክብ ውስጥ አንድ ሚሊሜትር የሆነ ትኩስ ቦታ ከአንድ አምስት መቶኛ በታች ድርሻ ስለሚኖረው ይዋጣል። በተጨማሪም ነጩ ቀለም ሙቀትን በጨረር በደንብ ሲያወጣ፣ የተወለወለ ባዶ ብረት የሚያወጣው ከአንድ አሥረኛ ያነሰ ነው፤ መለኪያው በብረቱ ላይ የሚያሳየው ቁጥር በአብዛኛው የአካባቢውን ነጸብራቅ ነው። ስለዚህ ልዩነት አለመታየቱ ስለ ቦርዶቹ የሚነግረን ነገር የለም። የተሻለ ማስረጃ የሚፈልግ ሰው ቀጭን ቴርሞካፕል (የሙቀት መለኪያ ሽቦ) ከፓዱ ጠርዝ ጋር አያይዞ ይለካ። የሲሊከን ዳዮድ ወይም በሞስፌት (ኮረንቲ የሚከፍትና የሚዘጋ ትራንዚስተር) ውስጥ ያለው ዳዮድ ሲሆን ደግሞ፣ በትንሽ ቋሚ ኮረንቲ የሚያሳየው ቮልቴጅ በየዲግሪው 2 ሚሊቮልት ገደማ ስለሚቀንስ፣ ክፍሉ ራሱ የውስጥ ሙቀቱን ይናገራል።

የድሬዳዋን ሐሩር በተመለከተ ጸሐፊው ግማሽ እውነት አላቸው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ናት፤ በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪ አካባቢ መድረሱ የተለመደ ነው፤ በቆርቆሮ ጣሪያ ስር በተዘጋ ሽፋን ውስጥ ያለ አምፖል ደግሞ ከዚህም የባሰ አየር ውስጥ ይሠራል። ነገር ግን የውጭው ሙቀት የሚደመረው ቦርዱ ራሱ ከሚፈጥረው ጭማሪ ጋር ነው፤ አንዱ ሌላውን አይተካም። ጸሐፊው የአየሩ ሙቀት ስለሚበዛ የንጣፉ ጉዳይ ዋጋ የለውም ሲሉ ነገሩን ገልብጠውታል። የሚፈቀደው ጣሪያ አንድ ሆኖ መነሻው ከፍ ሲል፣ በመካከል ያለው ቦታ ይጠባል፤ እያንዳንዱ ዲግሪም ይበልጥ ውድ ይሆናል። መጠኑንም ለማነጻጸር ይቻላል። የሐረርና የድሬዳዋ አማካይ የአየር ሙቀት ልዩነት ከስድስት ዲግሪ ብዙም የሚርቅ አይደለም። ከላይ እንዳየነው፣ አንድ ዋት ሙቀት በሚያወጣ ኤልኢዲ ስር መዳቡ በግማሽ መሳሳቱ ብቻ 7 ዲግሪ ያመጣል። በሌላ አነጋገር፣ መዳቡን የሰረቀ አምራች በሐረር የሚሠራውን አምፖል ድሬዳዋ እንዳወረደው ይቆጠራል። በነገራችን ላይ የሐረር አየር በከፍታው ምክንያት ሳሳ ስለሚል ከሂት ሲንኩ (ሙቀት አስወጪው ብረት) ሙቀት የመውሰድ አቅሙ በጥቂቱ ያነሰ ነው፤ ቅዝቃዜው ግን ይህንን አካክሶ ይተርፈዋል።

በመጨረሻ ስለ ፔስት። የፔስት ሥራ በሁለት ብረቶች መካከል የቀረውን አየር ማስወጣት ነው። ሁለት ፊቶች ለዓይን ለስላሳ ቢመስሉም በእውነት የሚነካኩት በጣም ጥቂት በሆኑ ነጥቦች ላይ ስለሆነ፣ ሙቀቱ በእያንዳንዱ ነጥብ ዙሪያ የጥበት ሙግደት ይገጥመዋል፤ ኩፐር፣ ሚኪክና ዮቫኖቪች በ1969 ያወጡት ስሌት የእነዚህን ነጥቦች ድምር የሚመለከት ነው። የአየር አስተላላፊነት 0.026 ስለሆነ 1 ወይም 3 የሆነ ፔስት ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ከአሉሚኒየሙ ጋር ሲነጻጸር ግን ፔስቱ ደካማ ነው። 15 በ10 ሚሊሜትር ጀርባ ያለው የኢንቨርተር ሞስፌት 20 ዋት ሙቀት ሲያወጣ፣ በሜትር በኬልቪን 1 ዋት የሚያስተላልፍ ፔስት በብሎን ተጨቁኖ 0.03 ሚሊሜትር ሲቀር የሚጨምረው 4 ዲግሪ ነው፤ ጸሐፊው እንደሚመክሩት በዝቶ 0.3 ሚሊሜትር ሲሆን ግን 40 ዲግሪ ይሆናል። ስስ ንጣፍ ይሻላል የሚለው ሐሳባቸው ከሁሉ ይበልጥ የሚሠራው በፔስት ላይ ሆኖ ሳለ፣ እዚያ ላይ ሲደርሱ አብዙ ማለታቸው የሚያስገርም ነው። 40 ዲግሪውም ቢሆን ሙቀቱ በሞስፌቱ ጀርባ ሁሉ እኩል ይወርዳል ተብሎ የተሰላ ነው፤ ቺፑ የዚያን ስፋት ጥቂቱን ብቻ ስለሚይዝ ሙቀቱ በስሩ ባለው ክፍል ይበረታል፤ በተግባር የሚገኘው ቁጥርም ከዚህ በላይ ነው።